ዓሣን ማብላትም በብልሃት

አቡሽዬ፣ ቆይ እስቲ። ቢላውን ከማንሳትህ በፊት እጅህን ታጠብ፤ የሳሙናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስም በደንብ አለቅልቀው። ያ የሽንኩርት መክተፊያ አይሆንም። እሱን መልሰህ ጥግ ያለችውን ትንሿን መክተፊያ አምጣት፤ ከዛሬ ጀምሮ የዓሦችህ ብቻ ትሁን። ቢላዋም፣ ወንፊቷም፣ ሳህኗም እንደዚሁ። ዘይት፣ ጨውና በርበሬ የነካው ዕቃ ለእኛ ወጥ ጣዕም ነው፤ ለእነሱ ግን የውሃ ብክለት ነው።

እኔ እዚህ ከትከሻህ በላይ ሆኜ አያለሁ፤ እጁ የአንተ ይሁን። አንዴ ራስህ ከሠራኸው አትረሳውም።

ከመጀመርህ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ ከሱ ነው የሚቀዳው። ላም የተረፋትን ድርቆሽ ትታ ትሄዳለች። ውሻም ያልጣመውን አሽትቶ ዞር ይላል። ዓሣ ዞር የሚልበት ቦታ የለውም። የሚበላበት ገበታ፣ የሚተኛበት መኝታ፣ የሚጸዳዳበት ጓሮና የሚተነፍሰው አየር ያው አንዱ ውሃ ነው። ስለዚህ ለዓሣ ምግብ ስትሠራ ሆዱን ብቻ አታስብ፤ ያልተበላው ፍርፋሪና ፈስሶ የቀረው ጭማቂ የት እንደሚገባ አስብ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እሱው የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ።

ይህን የተማርኩት ዓሦቼን ከፍዬ ነው። አንተ ያኔ ገና ትንሽ ነበርክ። ለሁለት ቀን ቢሾፍቱ ልንሄድ ሆነና አምስቱ ወርቃማ ዓሦቼ እንዳይርባቸው ብዬ፣ ከፍሪዘር ያወጣሁትን የበሬ ልብ ቁራጭ ሙሉውን ጣልኩላቸው። ስንመለስ ውሃው እንደ አጓት ነጥቷል፤ ከላዩ ላይ የቅባት ስስ ሽፋን ተንሳፏል፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ከውሃው ገጽ አየር ይለምናሉ። ሦስቱ በዚያው ሌሊት ሞቱ። አልራባቸውም ነበር። ጤነኛ ወርቃማ ዓሣ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይበላ ቢሰነብት ምንም አይሆንም። የገደላቸው የእኔ መሳሳት ነው፤ አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ሆዴን ያባባኛል። አንተ በዚያ መንገድ እንድትማረው አልፈልግም።

ምን እንደሆነ ልንገርህ። ሥጋም ሆነ ዓሣ፣ ውሃ ውስጥ ቀርቶ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ግን አቅማቸው ልክ አለው። አዲስ ገንዳ ላይ ደግሞ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የአንተ አኳሪየም ይህን ጊዜ ስላለፈ ነው ዛሬ እሺ ያልኩህ፤ ባለፈው ወር ብትጠይቀኝ ኖሮ እምቢ እልህ ነበር።

ሌላም አለ። የበሰበሰ ነገር ኦክስጅን ይበላል። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ እዚህ ስስ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ያለ የአዲስ አበባ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ውሃ ጋር ሲተያይ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞምባሳ ላይ ያለ ልጅ የሚታለፍለት ስህተት አንተን ላያልፍህ ይችላል። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ደግሞ አስበው።

ጥሩ፤ አሁን ወደ መክተፊያው።

መጀመሪያ የምትሠራው ለማን እንደሆነ እወቅ። ያንተዎቹ ወርቃማ ዓሦች ናቸው። ከካርፕ ወገን ናቸው፤ ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ እየመረጡ ያራቧቸው። አትክልትም ሥጋም ይበላሉ። ጨጓራ የሚባል የላቸውም፤ የበሉት ከጉሮሮ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚያጠራቅሙበት ቦታ የለም። ጥቂት ጥቂት፣ ቀለል ያለ፣ አትክልት የበዛበት ምግብ ነው የሚስማማቸው።

ጓደኛህ ያሉት ዲስከሶች ግን ሌላ ናቸው። የአማዞን ዓሦች ናቸው፤ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይወዳሉ፤ ሥጋም ይፈልጋሉ። ለእነሱ የበሬ ልብ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ልብ ጡንቻ እንጂ ስብ የበዛበት ሥጋ ስላልሆነ። ያም ሆኖ ሉካንዳ ገዝተህ ስታመጣው ዙሪያውን ስብ፣ ውስጡን ጅማትና የደም ሥር አለው። ያ ሁሉ በጥንቃቄ ተላጦ መውጣት አለበት። የከብት ስብ ዓሣ በሚኖርበት የውሃ ሙቀት ይረጋል። አንጀት ውስጥም አይመችም፤ ውሃ ላይም ያንን እኔ ያየሁትን የቅባት ሽፋን ይሠራል። የማላዊ ሐይቅ ምቡናዎችን የሚያሳድግ ሰው ካጋጠመህ ደግሞ የበሬ ልብ ጨርሶ እንዳይሞክር ንገረው። እነዚያ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቁ የሚኖሩ ናቸው፤ ረጅም አንጀታቸው ለአልጌ የተሠራ ነው። የከብት ሥጋ ሲበሉ ሆዳቸው ተነፍቶ ሊሞቱ ይችላሉ።

ስለዚህ ያመጣኸውን የበሬ ልብ ለድመቷ ስጣትና ቆሮሶውን አምጣ።

ቆሮሶ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ ስቡ ጥቂት ነው። አሽተው፤ የሐይቅ ሽታ እንጂ የግም ሽታ ሊኖረው አይገባም። ሥጋውን በጣትህ ጫን ስታደርገው ተመልሶ መነሣት አለበት። ለዓሣ ነው ብለህ የሰነበተ አትግዛ፤ ለራስህ የማትበላውን ለእነሱም አታቅርብ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከተማው ላይ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ ከጾሙ ቀደም ብለህ ገዝተህ አዘጋጅ።

አየህ፣ አሁን አጥንቱን በጣትህ ዳብሰህ ልቀመው። ከዚያ ጥሬውን እንዳትጠቀም፤ በእንፋሎት አምስት ደቂቃ አብስለው። ይህን የምልህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፤ ከሐይቅ ዓሣ ወደ አኳሪየም ዓሣ በሽታ መሸጋገሩም ያለ ነው። ማቀዝቀዝ ብዙ ትሎችን ይገድላል፤ ለዚህም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን መቆየት አለበት። ባክቴሪያን ግን ብርድ አይገድለውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ሁለተኛ፣ ካርፕን የመሰሉ አንዳንድ ዓሦች ጥሬያቸውን ቲያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ይህ ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል፤ በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ሳያውቅ ለወራት የመገባቸው ሰው ዓሦቹ ሚዛናቸውን ስተው ሲንከራተቱ ያያል። እሳት ግን ይሰብረዋል። ስለዚህ ዓሣውን ማብሰል ልማድህ ይሁን፤ ነጋዴው ቆሮሶ ነው ያለህ ነገር ሌላ ቢሆን እንኳ ችግር አይመጣም።

አትክልቱን ደግሞ እይ። አተሩን ቀቅለህ እያንዳንዷን ፍሬ በሁለት ጣትህ ጫን በላት፤ ገለፈቷ ትወጣለች። ገለፈቱን ጣል፤ ውስጡን ያዝ። እሸት አተር ሲገኝ እሱ ይሻላል፤ ሳይገኝ ሲቀር የደረቀውን ዘፍዝፈህ ያለ ጨው ቀቅል። ቆስጣውን ከግንዱ ለየውና ቅጠሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክረህ አውጣው፤ ከዚያ ጨምቀው። ጥሬው ቅጠል ለዓሣ አፍ ይጠነክራል። ካሮቱን እስኪለሰልስ ቀቅለው። ነጭ ሽንኩርት አንዲት ትንሽ ፍሬ ብቻ። ሽታዋ ምግብ የሚመርጠውን ዓሣ ይጠራዋል፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር አትጠብቅባት።

ዳቦና እንጀራ የሚጥሉ ልጆች አይተህ ይሆናል። አንተ እንዳታደርገው። ዳቦ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ይበታተናል፤ ውሃውን ያደፈርሳል። የወጥ ፍርፋሪማ ጭራሽ አይነሣ።

አሁን መጠኑን እንወስን። አይ፣ አንድ ኪሎ አይደለም! ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአራት ዓሦች አንድ ኪሎ ብትሠራ ዓመት ሙሉ አትጨርሰውም፤ ምግቡ ግን ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ያረጃል። ቫይታሚኑ ይቀንሳል፤ ቅባቱ ይጎመዝዛል፤ ጠርዙ ደርቆ ይነጣል። ለሦስት ወር የሚበቃ ብቻ እንሥራ። የበሰለ ቆሮሶ 80 ግራም፣ የተላጠ አተር 50 ግራም፣ ካሮት 20 ግራም፣ የተጨመቀ ቆስጣ 20 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የስፒሩሊና ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርም ቀለምም የሌለበት ጀላቲን፣ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ። ይኸው ነው። ከአንድ እፍኝ ትንሽ የሚበልጥ።

ትንሽ ስለሆነ ጁስ መፍጫም አያስፈልገውም። እንደ ክትፎ ክተፈው። ቢላውን በሁለት እጅህ ያዝ፤ ጫፉን መክተፊያው ላይ አሳርፈህ እጀታውን ከፍ ዝቅ አድርግ። እንዲህ፤ በርታ። አፋቸውን አስብ። ወርቃማ ዓሣ በጉሮሮው ውስጥ ማኘኪያ ጥርስ ስላለው የሩዝ ቅንጣት የሚያህል ፍርፋሪ ይችላል። ለጉፒ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ማድቀቅ ነበረብህ። እናታችንም ደስ ይላታል፤ በጾም ወራት የዓሣና የሥጋ ሽታ መፍጫዋ ውስጥ እንዲገባ አትፈልግም፤ እውነቷን ነው። ፍሪዘሩም ውስጥ ቢሆን ይህ ምግብ የራሱ ክዳን ያለው ዕቃ ይኑረው፤ ላዩ ላይም ‹የዓሣ ምግብ› ብለህ ጻፍበት።

ስፒሩሊናውን ለምን እንደጨመርኩት ታውቃለህ? ቢሾፍቱ ስንሄድ ያየኸውን አረንጓዴ ሐይቅ አስታውስ። ያንን አረንጓዴ መልክ የሚሰጠው ይኸው ስፒሩሊና ነው። ሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅም በሱ የታወቀ ነው። ፍላሚንጎዎች እዚያ የሚሰበሰቡት እሱን አጥልለው ሊበሉ ነው፤ ሮዝ ቀለማቸውም ከምግባቸው የሚያገኙት ካሮቲኖይድ የሚባል ነገር ነው። ራሳቸው ሊሠሩት አይችሉም። ወርቃማ ዓሣህም እንደዚያው ነው፤ ቀዩና ብርቱካናማው ቀለሙ ከሚበላው ነው የሚመጣው። ካሮቱንና ስፒሩሊናውን የጨመርነው ለዚህ ነው። ግን ዱቄቱን ከመደብር ግዛ፤ ከሐይቅ ቀድተህ እንዳታመጣ። እዚያ ውሃ ላይ ስፒሩሊና የሚመስሉ ሌሎች መርዘኛ ዘሮችም ሊበቅሉ ይችላሉ፤ በዓይን አትለያቸውም።

ወደ ጀላቲኑ እንሂድ፤ ይህ የሥራው ማሰሪያ ነው። ሰዎች ጀላቲን ለምን እንደሚገባ ሲጠየቁ ምግቡ ቅርጽ እንዲይዝ ይላሉ። እኔ የምጨነቅለት ቅርጹን አይደለም። ያልተያያዘ ክትፍ ውሃ ሲነካ እንደ ጭስ ይበተናል። ግማሹ ዓሣው ሆድ ሳይደርስ ጠጠር ውስጥ ይሰምጣል፤ የቀረውን ፊልተሩ ይስበዋል። ጀላቲን ያንን ፍርፋሪ ጠፍሮ ይይዘዋል። ዓሣው አንድ ጊዜ ነክሶ ሲውጠው ውሃው ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል።

ከሲኒው ውሃ ግማሹን ቀዝቃዛውን አድርግና ጀላቲኑን በላዩ ነስንሰው፤ አምስት ደቂቃ ይጠጣ። የቀረውን ውሃ አሙቀህ ጨምርበትና አማስል፤ ጥራጥሬው ሁሉ ይሟሟ። እሳት ላይ ጥደህ እንዳታፍላው፤ የመርጋት ኃይሉ ይዳከማል። አሁን ክትፉን ጨምርና አዋህድ። ስፒሩሊናው ግን ገና ነው። ድብልቁ ጣትህ ያለ ሥቃይ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው የሚገባው። ከዓሣ መደብር የምትገዛው ፈሳሽ ቫይታሚን ካለህም እንዲሁ። ሙቀት ቫይታሚን ሲን ያጠፋዋል፤ አብዛኛው ዓሣ ደግሞ ይህን ቫይታሚን ራሱ መሥራት አይችልም። ለረጅም ጊዜ ካጣው የጀርባ አጥንቱ ይጎብጣል።

ጀላቲን የሚሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው፤ ከከብትም ከአሳማም ሊሆን ይችላል። አንተ የሰፈር ልጆችን ማስተማርህ ስለማይቀር ይህን ደብቀህ እንዳትነግራቸው። ቤታቸው የማይገባ ነገር ከሆነ ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር አለ። አጋር ግን እንደ ጀላቲን በሞቀ ውሃ አይሟሟም፤ መፍላት አለበት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። ለጓደኛህ ዲስከሶችም አጋሩ ይሻላቸዋል። ጀላቲን 28ና 30 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ያንተ ዓሦች በሚኖሩበት 20 ዲግሪ አካባቢ ግን ጸንቶ ይቆያል።

አሁን ያችን ዚፕ ያላትን ላስቲክ አምጣ። ድብልቁን አስገባ፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና በመዳፍህ ዘርጋው። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከታች ወደ ላይ እየገፋህ አየሩን አውጣ። አየር ነው ምግቡን የሚያደርቀውና ቅባቱን የሚያጎመዝዘው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በቢላው ጀርባ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እየለካህ መስመር አሳርፍበት። ሲቀዘቅዝ በመስመሩ ላይ እንደ ቸኮሌት ይሰበርልሃል። እያንዳንዷ ካሬ ግማሽ ግራም ያህል ናት፤ ለአንድ ዓሣህ የአንድ ጊዜ ምግብ እሷ ትበቃዋለች። ቀኑን ጻፍበት። ከሦስት ወር በኋላ የተረፈ ካለ ጣለው፤ አትሣሣ።

ቆይ፣ ፍሪዘሩን ሳትዘጋ አንድ ነገር ጨምር። በትንሽ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዝና ከበረዶው በላይ ባለ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥ። ቤት በሌለንበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ይህች ሳንቲም ትነግርሃለች። ከላይ ካገኘሃት ምግቡ ደህና ነው። ኩባያው ሥር ከሰመጠች በረዶው ሁሉ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ምግቡም እንዲሁ። የቀለጠ ምግብ ውስጥ ባክቴሪያ ተራብቷል፤ ዳግም መቀዝቀዙ አይመልሰውም። ጣለው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን አትክፈት። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ነገ ልትመግባቸው ስትነሣ እንዴት እንደምታደርግ ደግሞ ላሳይህ፤ ለዛሬ ቀደም ብዬ የሠራሁት ጥቂት ካሬ አለኝ። ለአራቱ ዓሦች አራት ካሬ ሰብረህ አውጣ፤ የቀረውን ወዲያው መልስ። በሻይ ብርጭቆ ከራሱ ከአኳሪየሙ ውሃ ቅዳና ካሬዎቹን ጨምርበት። አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ሙቅ ውሃ አትጨምር፤ ጀላቲኑን ያቀልጠዋል። እንደ በረዶ የጠነከረም አትስጣቸው። ከዚያ በትንሿ ወንፊት አጥልለው። ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ታየዋለህ? እሱ ወደ አበባው ይሂድ። ለአበባው ማዳበሪያ ነው፤ ለአኳሪየምህ ግን አልጌ የሚጠራ ቆሻሻ ነው።

ካሬዎቹን አንድ በአንድ ጣል። አንዱ ሲበላ ሌላውን። ፈጣኑ ዓሣ የሌላውን እንዳይነጥቅ ለዘገምተኛው በሌላው ጥግ ጣልለት። ሦስት ደቂቃ ቁጠር። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላው ሁሉ በመረብ ወይም በቱቦ ይውጣ። ከፋርማሲ የሚገዛው መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅም ጠጠር ውስጥ የገባውን ለመምጠጥ ይመቻል። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ የተረፈችውን ያህል ቀንስ። እነሱ ግን ሁልጊዜ እንደራባቸው ነው የሚመስሉህ። መስተዋቱ አጠገብ ስትደርስ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍቱልሃል። ልብህ አይራራ፤ መስተዋት ሥር የሚለምን ዓሣ የተራበ ዓሣ ማለት አይደለም።

በዚህ ምግብ ብቻ አታኑራቸው። እኛ በቤት የምንሠራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሁሉንም ቫይታሚንና ማዕድን በልኩ አይይዝም። በሳምንት አራት ቀን ይህን፣ ጠዋትና ማታ፤ ሁለት ቀን ጥሩ የፋብሪካ ጥራጥሬ ምግብ፤ አንድ ቀን ጾም። አንጀታቸው ባዶ ሆኖ ይረፍ። በየሳምንቱም ከውሃው ሩቡን ቀይር። የቧንቧውን ውሃ በክፍት ባልዲ አንድ ቀን አሳድረው፤ ክሎሪኑ ይተናል። ለጓደኛህም ንገረው፤ ሥጋ የሚበሉ ዓሦች ያሉት ሰው ውሃ የሚቀይረው ከዚህም በላይ ነው።

ምግቡ ተስማምቷቸው እንደሆነ እነሱ ራሳቸው ይነግሩሃል፤ አንተ ብቻ ማየት ልመድ። ኩሳቸው የበሉትን ቀለም ይዞ አጭር ከሆነ ደህና ነው። ነጭና ክር የመሰለ ሆኖ ከሰነበተ አንድ ችግር አለ። አንዱ ዓሣ ከበላ በኋላ ወደ ጎን እያዘነበለ ከተንሳፈፈ አንድ ሁለት ቀን አስጹመው፤ ከዚያ የተላጠ አተር ብቻ ስጠው። የውሃው ገጽ ላይ የቅባት ቆዳ ካየህ ሥጋህ ስብ ነበረው። ውሃው ከነጣ አብዝተሃል። ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ካየህ ግን አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ። ምግብ አቁም፤ ያደረ ውሃ ካለ ከሱ ሲሶውን ቀይር፤ የአየር ፓምፑን አጠንክር። ያኔ እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ወርቃማ ዓሣ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። አንተ ትምህርትህን ጨርሰህ ሥራ ስትይዝ እነዚህ አራቱ እዚህ መስተዋት ውስጥ ይሆናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ትልልቅ ሆነው፣ ቀለማቸው እንዲህ እንደደመቀ። ያንን ዕድሜ የሚሰጣቸው ወይ የሚነሣቸው በየጠዋቱ በእጅህ የምትይዘው ይህች አራት ካሬ ናት።

በል አሁን ወንፊቷን አራግፋትና ወደ መስተዋቱ ሂድ። እየመጡ ነው፤ አየሃቸው? የመጀመሪያዋን በቀኝ በኩል ጣል፤ ጥቁሯ እዚያ ናት፣ እሷ ሁልጊዜ ትቀደማለች። መረቧን በግራ እጅህ ያዝ። ሦስት ደቂቃዋን እኔ እቆጥርልሃለሁ።